ሳንቀምሰው የሠራነው የህንድ ምስር

ሲያትል፣ ሬኒየር ቢች ሠፈር እንኖር በነበረበት ዘመን ፎቶ አጣቢ ቤት ነበር የምሠራው። ያኔ ሰው ፎቶ የሚያነሳው በፊልም ስለነበር የሲያትል ሕዝብ ልደቱንም፣ ሠርጉንም፣ ውሻውንም በጥቅል ፊልም እያደረገ ያመጣልናል፤ እኛ አጥበን በፖስታ እንመልስለታለን። ሺፍቴ ከሰዓት በኋላ ነበር። ባለቤቴ ደግሞ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራው ጠዋት ነው። እሷ ስትገባ እኔ እወጣለሁ። ያጋቡን ሽማግሌዎች ያን ያህል የተከራከሩት በር ላይ «ደህና ዋልሽ?» እንድንባባል አልነበረም። ሶ፣ በዚያ ዓመት እግዚአብሔርን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የጠዋት ሺፍት።

የጠዋት ሺፍት የሚሰጠው ግን ማናጀራችን ነው። ማናጀራችን ህንዳዊ ነበር፤ ዝምተኛ ሰው። ሲቆጣም «ኦኬ» ይላል፣ ሲደሰትም «ኦኬ» ይላል፤ ልዩነቱን የምንለየው ከመነጽሩ በላይ ማየቱንና በመነጽሩ ማየቱን አይተን ነው። አንድ ቀን ጠዋት ከሚሠሩት አንዷ ልጅ ልትለቅ መሆኑን ሰማሁና ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ሹክ አልኳት። የሰሙት ግን አጎቷ ናቸው።

ጋሼ፣ የባለቤቴ አጎት፣ ለዓይን ሕክምና ለጥቂት ጊዜ ብለው መጥተው፣ ዓይናቸው ሲድን በዳነው ዓይን እኛን ይጠብቁን ጀመር። አገር ቤት ጉምሩክ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ እዚህም ከገበያ ስንመለስ በር ላይ ቆመው ፌስታላችንን ይፈትሻሉ። የማያውቁት ነገር አልነበረም። ከሁሉ አብልጠው የሚያውቁት ግን ህንድን ነው። ህንድ ሄደው አያውቁም። ሁለተኛ ደረጃ ሲማሩ የሒሳብ አስተማሪያቸው ህንዳዊ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ደግሞ የህንድ ፊልም በመጣ ቁጥር ሲኒማ ቤት በር ላይ ሲጋፉ ኖረዋል። በሒሳብና በዘፈን የተገነባ እውቀት በቀላሉ አይናድም።

«ሰውየውን ቤትህ ጥራው» አሉኝ። «ሹመት በማመልከቻ አይገኝም። በገበታ ነው።»

«ጋሼ፣ እዚህ አገር እኮ እንዲህ አይደለም።»

«ሰው የትም ሰው ነው። ህንድ ደግሞ እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነው።»

«እንግዳው እኮ እሱ ነው የሚሆነው» አለች ባለቤቴ ከጓዳ።

በማግስቱ ማናጀሬን ፈራ ተባ እያልኩ ለቅዳሜ ራት ጠራሁት። ከመነጽሩ በላይ አየኝ። ቀጥሎ በመነጽሩ አየኝ። «ኦኬ» አለ፤ ትንሽ አሰብ አድርጎም «ባለቤቴም ትመጣለች» ሲል ጨመረ።

ችግሩ ጊዜው ሁዳዴ መሆኑ ነበር። ባለቤቴ ነገሩን በአጭሩ ልትቋጨው ሞከረች፤ ሽሮ፣ ጎመን፣ ምስር ወጥ፣ ሁላችንም አብረን የምንበላው የጾም በያይነት እሠራለሁ አለች። ጋሼ ከሶፋው ብድግ አሉ።

«ለአለቃ ሽሮ? ስንት ዘመን መንግሥት ሳገለግል በሽሮ የተሾመ ሰው አላየሁም!»

«እሺ፣ ዶሮ ልሥራለት?»

«ህንድ ሥጋ አይበላም። ይኼን የማያውቅ አለ? የገዛ አገሩን ምግብ ነው የምንሠራለት። ጥቁር ምስር አለ፤ በቅቤና በክሬም ቀስ ብሎ የሚበስል። መምህራችን በምሳ ዕቃ ይዘውት ይመጡ ነበር። ክዳኑ ሲከፈት ሽታው የመጨረሻው ወንበር ድረስ ይመጣል።»

«ቀምሰውት ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«የመምህር ምሳ ይቀመሳል እንዴ?» ብለው ገሠጹኝ።

በዚሁ ተወሰነ። ዐርብ ጠዋት፣ ከሥራ በፊት፣ እኔና ጋሼ ወደ ሰሜን ነድተን አንድ የህንድ ቅመም ሱቅ በር ላይ ፓርክ አደረግን። ጋሼ ለጉዞው ከረባት አስረው ነበር። ሱቁ ውስጥ ማስቲካ የሚያላምጥ ወጣት ቤዝቦል በቴሌቪዥን እያየ ተቀምጧል። ጋሼ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ ገጥመው ጎንበስ ብለው «ናማስቴ» አሉት። ወጣቱ «ዋትስ አፕ» አላቸው። ሰላምታው እንዳልተመለሰላቸው ስላሰቡ ደገሙት። እሱም ደገመው።

የምንፈልገውን ስነግረው ግን ተነስቶ በደንብ ረዳን። ከመደርደሪያው ጥቁር፣ ድቡልቡል፣ ከምስር ጠብደል ያለ እህል አወረደ፤ ትንሽ ቀይ ቦሎቄም አብሮ እንድንቀላቅል ሰጠን። ሌሊቱን ይዘፍዘፍ፤ በማግስቱ ለስላሳ እሳት ላይ ይዋል፤ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ከሙን፣ ድንብላል፣ እርድ፤ ቅቤ ሳይሰስቱ፤ መጨረሻ ላይ ክሬም። «አትቸኩሉ» አለ። «ዋናው ነገር አለመቸኮል ነው።»

«አትቸኩል ነው የሚልህ» አሉኝ ጋሼ በአማርኛ።

«ሰማሁት ጋሼ።»

«መስማትና መረዳት ለየቅል ነው።»

ባለቤቴ ከሥራ ስትገባ፣ እኔ ልወጣ ስል፣ እህሉን ትሪ ላይ አፍስሳ በጣቷ ደጋግማ አገላበጠችው። በመጨረሻ «ይኼ ጓያ ቢሆንስ?» አለች።

«የምን ጓያ?»

«ተመልከተው እንጂ! አለቃህን ሽባ አድርገህ ልትለቀው ነው? እግሩ ከታሰረ ማንን ነው የጠዋት ሺፍት የምትጠይቀው?»

የጓያ ነገር ብዙ አከራከረን። ጋሼ አንዷን ፍሬ ወደ መስኮቱ አንስተው፣ እንደ ኮንትሮባንድ አልማዝ አገላብጠው አይተው፣ «ጓያ አይደለም፤ ያልፋል» ብለው ፈረዱ። ተዘፈዘፈ።

ቅዳሜ ጠዋት ድስት ላውጣ ስል ሌላ ነገር ተነሳ። ጋሼ የቅበላ ማታ የፍስክ ዕቃችንን በሙሉ አሳጥበው፣ በካርቶን አድርገው፣ በፕላስተር አሽገው ቁም ሣጥን አናት ላይ አስቀምጠውት ነበር። ለፋሲካ ካልሆነ አይከፈትም። የቀሩት የጾም ድስቶች ናቸው፤ የጾም ድስት ውስጥ ደግሞ ቅቤ አይገባም። እኔ ፕላስተሩን ማየት ስጀምር «ማኅተም ነው!» አሉኝ። ከጉምሩክ ማኅተም ጋር ቀልድ እንደሌለ ከድምፃቸው ገባኝ።

«እንግዲህ ከእትዬ መዋስ ነው» አለች ባለቤቴ።

እትዬ የምንላቸው ከዚያው ፎቅ፣ በአንድ ግድግዳ የሚጎራበቱን ሴት ናቸው። ባላቸው የሞተባቸው፣ ሆቴል አልጋ የሚያነጥፉ፣ ደግ ሰው። ጴንጤ ናቸው። በጋሼ ዘንድ ግን ደግነታቸው በጴንጤነታቸው ተቀናንሶ ዜሮ ይገባል። እትዬ በግድግዳው በዚያ በኩል መዝሙራቸውን ከፍ ሲያደርጉ ጋሼ በዚህ በኩል የቅዳሴውን ካሴት ከፍ ያደርጋሉ፤ መካከል ላይ የምተኛው እኔ ነኝ። ኮሪደር ላይ ሲገናኙ እትዬ «ወንድም፣ ጌታ ይባርክዎ!» ይላሉ፤ ጋሼ የደብዳቤ ሣጥናቸውን ይፈትሻሉ።

ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ። እትዬ አንድ ትልቅ ድስት፣ አንድ የእንጨት ማማሰያና ብዙ ምርቃት ሰጡኝ። ጋሼ ድስቱን ሲያዩ ፊታቸውን አዙረው «ለእንግዳው ነው» አሉ፤ ለማን እንደሆነ እንጃ።

የማበስለው እኔ ነበርኩ፤ ባለቤቴ ቅዳሜም ስለምትሠራ። ጋሼ ወንበር አምጥተው ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ያዛሉ። ምስሩ ይንተከተካል፣ እሳቸው «አትቸኩል» ይላሉ። ቅቤውን በሌላ መጥበሻ ላይ አቅልጬ ከሙኑን ስጥልበት ቤቱ ጭስ በጭስ ሆነና ጣሪያው ላይ ያለው ስሞክ ዲቴክተር ጮኸ። ጋሼ ወንበሩ ላይ ወጥተው በነጠላቸው ያራግቡለታል፤ እኔ መስኮት እከፍታለሁ፤ ከላይኛው ፎቅ አንድ ሰው ወለሉን ይደልቃል። የዚያን ዕለት እኛ ቤት የህንድ ምስር መሠራቱን ያልሰማ የሬኒየር ቢች ነዋሪ ያለ አይመስለኝም።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ስትመለስ ምስሩ ፈርሶ፣ ክሬሙ ገብቶበት፣ ቡናማ መልክ አውጥቶ ያምር ነበር። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ድስቱን ከፍታ አየችና «ጨዉ እንዴት ነው?» አለች።

እኔና ጋሼ ተያየን። ቅቤና ክሬም ያለበትን ማን ይቅመሰው?

«አልቀመሳችሁትም?»

«ሁዳዴ ነው!» አሉ ጋሼ።

«ቢያንስ አሽትቱት።»

ጋሼ ተነስተው ድስቱ ላይ ጎንበስ አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ማጉ። «የሚያስገድፈው ምላስ እንጂ አፍንጫ አይደለም» አሉና ደግመው ማጉ። «ጨው ይጎድለዋል።»

«በሽታ ነው ያወቁት?» አለች ባለቤቴ። ከሳቋ ጋር ስትታገል ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። «ለአለቃው አንዴ ጓያ፣ አንዴ በሽታ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጋሼ በሕይወት እያሉ አላወራሁትም። ሰዓቱ እየደረሰ ነው፣ እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው፣ ቀማሽ የለም። በመላው ሕንጻ ውስጥ የእኛን ጨው የሚያውቅ፣ ደግሞም የማይጾም፣ አንድ ሰው ብቻ አለ። ባለቤቴ «እትዬን ልጥራ?» ስትል ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞረው ቆሙ። ቆይተው ቆይተው፣ ጀርባቸውን እንደሰጡን፣ «እንግዲህ እሷ እንደሆነ ጾምም የላት» አሉ። ይህ በእሳቸው ቋንቋ ልመና ነው።

እትዬ መጡ። በማማሰያው ጫፍ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ላሱ። ሁላችንም፣ ጋሼ ጭምር፣ አፋቸውን እናያለን።

«ጨው የለውም» አሉ እትዬ።

«አላልኩም!» አሉ ጋሼ።

«ደግሞ አልጫ ነው። የሕመምተኛ ምግብ። በርበሬ የላችሁም?»

«ህንድ በርበሬ አይበላም!» ጋሼ ዞሩ። በሕይወታቸው እትዬን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ያነጋገሩት ያኔ ይመስለኛል። «የህንድ ምግብ በቅመም ነው እንጂ በበርበሬ አይደለም። ይኼን የነገሩኝ መምህሬ ናቸው።»

«ወንድም፣ እርስዎ ቀምሰውታል?»

«አልቀመስኩም።»

«እንግዲያውስ ዝም ይበሉ፤ ተባረኩ» አሉ እትዬ። ቤታቸው ተመልሰው ሄደው በርበሬ፣ ኮረሪማና ነጭ አዝሙድ ይዘው መጡ። በሽንኩርት ቁሌት አብስለው ጨመሩበት፤ ቀመሱ፤ እንደገና ጨመሩ። ጋሼ እንደ ተሻረ ሹም ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ምስሩ ቀላ። ለሠራ ሰው መቼም ቁጭ በል ይባላል እንጂ ውጣ አይባልም፤ እትዬም ቀሩ።

እንግዶቹ በሰዓቱ ደረሱ። ማናጀሬ ሹራብ ለብሷል፤ ባለቤቱ ከሱ በተቃራኒ ተጫዋች ሴት ናት፤ የተገዛ ኬክ ይዛለች። የኮምፒውተር ፕሮግራመር እንደሆነች፣ ሁለቱም ምግብ መሥራት እንደማይወዱ፣ ማታ ማታ ፒዛ እንደሚያስመጡ ኮቷን ሳታወልቅ ነገረችን። ባለቤቴ ሩዙንና ምስሩን አቀረበች። ልክ ሰውየው ማንኪያ ሊያነሳ ሲል እትዬ «እንጸልይ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ቤታችን ውስጥ እንዲያ ያለ ጸሎት ተሰምቶ አያውቅም። ምግቡን ባረኩ፤ እንግዶቹን ባረኩ፤ የህንድን ሕዝብ ባረኩ። ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ። «ጌታ ሆይ፣ ባልና ሚስት እንዲተያዩ አድርግ! ለዚህ ወንድሜ በር ክፈትለት! የጠዋት ሺፍት ስጠው፣ ጌታ ሆይ! ሺፍት! ሺፍት!»

ዓይኔን ስገልጥ ማናጀሬ ከመነጽሩ በላይ እያየኝ ነበር።

«አሜን» አሉ ጋሼ ቶሎ ብለው። ለጴንጤ ጸሎት አሜን ሲሉ የመጀመሪያቸው ነበር። ያሉትም ለማስቆም ነው።

ሰውየው ጎረሰ። ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «የእናቱ ቤት ትዝ ይለዋል፤ አሁን እንባው ይመጣል» አሉ። እውነትም እንባው መጣ። የበርበሬ ነበር። ውሃ ጠጣ፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ እንደገና ጎረሰ፣ እንደገና ጎረሰ። ባለቤቱም ትጎርሳለች። ሳህኑ ግማሽ ሲደርስ ቀና ብሎ፣ ከሱ ሰምቼ የማላውቀውን ረጅም ንግግር አደረገ። «ይህ የአገራችሁ ምግብ ድንቅ ነው። እንዲህ ያለ ቀምሼ አላውቅም። ምን ይባላል?»

ጋሼ በቀስታ ማንኪያውን ከእጁ የሚቀሙት መስሎኝ ነበር። «ዚስ» አሉ ወደ ሳህኑ እያመለከቱ፣ «ዚስ ኢዝ ኢንዲያ!»

«የየትኛው ህንድ?» አለ ሰውየው ከልቡ ግራ ገብቶት።

ከደቡብ፣ ከባሕሩ ዳር እንደሆነ ያን ጊዜ ነገረን። በልጅነቱ ቤታቸው የሚበላው ሩዝ፣ ዓሣና ኮኮናት ነው። ጥቁሩን ምስር የሚያውቀው እዚሁ ሲያትል ሬስቶራንት ውስጥ ነው፤ ያ ደግሞ እንዲህ አያቃጥልም። ባለቤቱ እየሳቀች፣ እሷ ሥጋ ስለማትበላ ምስሩ ለሷ ጥሩ እንደሆነ፣ እሱ ግን መንገዱን ሁሉ ስለ ኢትዮጵያ ሥጋ ሲያወራ እንደመጣ አጋለጠችው።

«ሥጋ ይበላሉ?» አሉት ጋሼ። የድሮ ወዳጅ እንደ ካዳቸው ዓይነት ነበር አጠያየቃቸው።

«በደንብ» አለ።

እትዬ ሳይጠየቁ ተነሱ። ቤታቸው ገብተው በፍሪጃቸው የነበረውን ቀይ የሥጋ ወጥ አሙቀው ከነእንጀራው አመጡት። ማናጀሬ እጁን ታጥቦ፣ እንጀራውን ቆርሶ ሲጠቀልል ስናየው ከዚህ በፊትም እንደበላ ገባን። ጋሼ የበሬው ሥጋ በህንዳዊ አፍ ሲገባ በሙሉ ዓይናቸው ተመለከቱ፤ ያን ዓይን ያዳነላቸውን ሐኪም የረገሙት ሳይሆን አይቀርም።

ወደ መጨረሻው ግን ልባቸው ተመለሰ። ስለ መምህራቸው አወሩለት፤ ቁመታቸውን፣ የጠመኔ አያያዛቸውን፣ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ደካማ ተማሪ ትተው እንደማያልፉ። «ምናልባት ያውቋቸው ይሆን?» አሉት። አሜሪካኖች ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ አንድ ወዳጃቸውን አውቅ እንደሆነ ሲጠይቁኝ የምስቅባቸው እኔ፣ ያን ጊዜ መሳቅ አቃተኝ። ማናጀሬም አልሳቀም። «ህንድ ትልቅ አገር ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ግን እንደነገሩኝ ከሆነ ጥሩ አስተማሪ ነበሩ።»

ጋሼ «እጅግ» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ህንድ ምንም አልጨመሩም።

ሰኞ ሥራ ስገባ ማናጀሬ ወደ ቢሮው ጠራኝና በሩን ዘጋ። ስለ ራቱ አመሰገነኝ። የጠዋቱ ቦታ፣ አለኝ፣ ለሌላ ሰው የተሰጠው እኔ ከመጋበዜ በፊት ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፖስታ አስተካከለ። «ብነግርህ ግብዣውን ትተወዋለህ ብዬ ፈራሁ» አለ።

ምን ይባላል? «ኦኬ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ሁሉም ከየቤቱ ምግብ የሚያመጣበትን ፖትላክ ባደረገ ቁጥር «የኢትዮጵያውን ምስር» እንዳመጣ ወረቀት ላይ ስሜን ራሱ እየጻፈ ይለጥፋል። አይ፣ ይኼ እንኳ የህንድ ነው ብል የሚሰማኝ የለም። አንዲት አሜሪካዊት የሥራ ባልደረባዬ አንዴ ኢትዮጵያ ውስጥ ለስንት ሺህ ዓመት እንደተሠራ ጠየቀችኝ። የሱቁን ወጣት ምክር አስቤ፣ «ከአትቸኩሉ ጀምሮ» አልኳት።

ፋሲካ ሲደርስ ጋሼ ካርቶናቸውን በገዛ እጃቸው ፈቱ። ባለቤቴ ዶሮውን፣ እኔ ያንን ምስር ሠራን፤ እሳቸው ራሳቸው ናቸው ይሠራ ያሉት። አንድ ማንኪያ ቀምሰው ለረጅም ጊዜ አላመጡ። እኛ ፍርዳቸውን ስንጠብቅ፣ ወደ እትዬ ግድግዳ በአገጫቸው ጠቁመው «እሷ የሠራችው ይሻል ነበር» አሉ።

«እርስዎ እኮ ያኔ አልቀመሱትም» አለች ባለቤቴ።

«መልኩ ይናገር ነበር።»

የጠዋት ሺፍቱን በበጋው መጨረሻ አገኘሁት፣ ማናጀራችን ወደ ሌላ ከተማ ከሄደ በኋላ፣ ቤቴን ረግጦ ከማያውቅ አዲስ አለቃ። ባለቤቴ ግን በዚያው ሰሞን ነርስነት ለመማር ጠዋቷን ለትምህርት ሰጥታ ሥራዋን ወደ ማታ አዛውራ ነበር። ተሳሳቅን፤ ከዚያ እኔ እሑድን፣ እሷም እሑድን አስፈቅደን፣ እሑድ እሑድ የምንተያይ ባልና ሚስት ሆንን። ብዙዎች ከዚያም ያነሰ አላቸው።

የተጠቀሙት ጋሼ ናቸው። ቀኑን ብቻቸውን ስለሚውሉ እትዬ ከሥራ መልስ ብቅ ማለት ጀመሩ፤ አንዳንዴ ሾርባ፣ አንዳንዴ የአገር ቤት ወሬ ይዘው። ጋሼም መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከፍተው ይጠብቋቸዋል፤ ሊያስረዷቸው። እትዬም የራሳቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ሊያስረዷቸው። ከሥራ ስመለስ ክርክራቸው ከደረጃው ይሰማኛል። አንዳቸው አንዳቸውን አሳምነው አያውቁም፤ ምሽቱ ሲደርስ ግን ጋሼ እስከ በራፋቸው ይሸኟቸዋል፤ «ወንድም፣ ጌታ ይባርክዎ» ሲባሉም «አሜን» ይላሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ።